የቴኒስ ራኬት አመራረጥ፦ በኋላ ከማይለወጠው ይጀምሩ

በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ለመዝናናት የሚጫወት ሰው ራኬት ሲገዛ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በአንድ መንገድ ነው። ቀለሙንና የታዋቂውን ተጫዋች ስም አይቶ ይገዛል፤ የእጀታውን ቁጥር አያይም፣ ክብደቱን አይመዝንም። ሁለት ወር ሳይሞላ ክርኑን ያመዋል፣ ወይም ኳሱ ሁሉ ከመስመር ውጭ እየወጣ ያስቸግረዋል። ከዚያ «ቴኒስ ለኔ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የራኬቱ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። ራኬት ከተገዛ በኋላ ርዝመቱን፣ የፊቱን (ክሩ የሚወጠርበትን ክፍል) ስፋትና የፍሬሙን (የራኬቱን አካል) ድርቀት መለወጥ አይቻልም። ክብደት ይጨመርለታል እንጂ አይቀነስለትም። እጀታው ይወፍራል፣ ለማቅጠን ግን ያስቸግራል። ክሩ ደግሞ በፈለጉት ጊዜ ይቀየራል። ስለዚህ ከማይለወጠው ይጀምሩ፤ በሁለት መጠኖች መካከል ሲያመነቱም ቀጭኑን እጀታና ቀለል ያለውን ፍሬም ይያዙ።

ከመግዛትዎ በፊት የሚያዘጋጁት

- በሚሊ ሜትር የተከፋፈለ ማስመሪያ
- ግራም የሚያሳይ ዲጂታል የኩሽና ሚዛን
- አንድ እርሳስ
- የሦስት ጥያቄዎች መልስ፣ በወረቀት ላይ፦ በሳምንት ስንት ቀን ይጫወታሉ? ሲመቱ ክንድዎን ሙሉ ይዘረጋሉ ወይስ አጠር አድርገው ይገፋሉ? ክርንዎን፣ ትከሻዎን ወይም የእጅ አንጓዎን አሞዎት ያውቃል?

ሱቁ ሚዛን ከሌለው የራስዎን ይዘው ይሂዱ። የራኬቱን ዝርዝር መግለጫ ከስልክ ላይ ማንበብ ጥሩ ነው፤ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ግን ይበልጣል።

ደረጃ 1፦ እጅዎን ይለኩ

1. የሚጫወቱበትን እጅ ይዘርጉ፤ ጣቶችዎን ይግጠሙ።
2. መዳፍዎን አግድም ከሚያቋርጡት ዋና መስመሮች ታችኛውን ይፈልጉ።
3. ማስመሪያውን በመሐል ጣትና በቀለበት ጣት መካከል ያስቀምጡ፤ ከዚያ መስመር እስከ ቀለበት ጣትዎ ጫፍ ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ይጻፉ።

ያገኙት ቁጥር የእጀታው ዙሪያ መጠን ነው፦

- 102 ገደማ፦ ቁጥር 0
- 105 ገደማ፦ ቁጥር 1
- 108 ገደማ፦ ቁጥር 2
- 111 ገደማ፦ ቁጥር 3
- 114 ገደማ፦ ቁጥር 4

ራኬቱ የሚመጣው ከአሜሪካ ከሆነ ቁጥሩ በኢንች ሊጻፍ ይችላል፦ 4 1/8 ማለት ቁጥር 1፣ 4 1/4 ማለት ቁጥር 2፣ 4 3/8 ማለት ቁጥር 3 ነው። ዘመድ እንዲያመጣልዎ ሲያዝዙ ሁለቱንም አጻጻፍ ይላኩለት። «መካከለኛውን አምጣልኝ» ብቻ ከተባለ ሱቅ ያለው ይመጣል።

ራኬቱን እጅዎ ውስጥ ሲያገኙት ደግሞ እንዲህ ይፈትኑት። ለፎርሃንድ (በመዳፍ በኩል ለሚመታው) እንደሚይዙት ይያዙት፤ የሌላኛውን እጅ አመልካች ጣት በጣቶችዎ ጫፍና በመዳፍዎ ሥር መካከል ያስገቡ። ጣቱ ልክክ ብሎ ከገባ መጠኑ ትክክል ነው። ጨርሶ ካልገባ እጀታው ቀጥኗል፤ ገብቶ ክፍተት ከተረፈ ወፍሯል።

የቀጠነ እጀታ ኳስ በመታ ቁጥር መዳፍ ውስጥ ስለሚዞር ሰውየው ሳያውቀው ጨምድዶ ይይዘዋል፤ የክንድ ሕመም የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። የወፈረ እጀታ ደግሞ የእጅ አንጓን ያስራል፤ በተለይ ሰርቪስ ላይ ይታወቃል፣ ከፎርሃንድ ወደ ባክሃንድ (በእጅ ጀርባ በኩል ወደሚመታው) አያያዝ መቀየርንም ያዘገያል።

ከተሳሳቱ፦ ለቀጠነው አንድ ኦቨርግሪፕ (በእጀታው ሽፋን ላይ የሚደረብ ቀጭን ጥቅልል) ይጠቅልሉበት፤ ዙሪያውን 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ሁለት ኦቨርግሪፕ መደራረብ ግን አይመከርም፤ የእጀታው ስምንት ጠርዞች ይድበለበሉና እጅዎ የራኬቱን ፊት አቅጣጫ በመንካት ብቻ ማወቅ ያቅተዋል። አንድ ሙሉ ቁጥር መጨመር ካስፈለገ በሙቀት የሚኮማተረውን የእጀታ ሽፋን ባለሙያ ያስገባልዎ። የወፈረውን ለማቅጠን ዋናውን ግሪፕ (የእጀታውን ሽፋን) ልጦ በቀጭን መተካት ይሞከራል፤ ለውጡ ግን ጥቂት ስለሆነ መመለስ ከተቻለ ይመልሱት።

ደረጃ 2፦ ክብደቱን ይወስኑ

በራኬቱ ላይ ወይም በማስታወቂያው የሚጻፈው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክር ነው። ክር ከ15 እስከ 17 ግራም፣ አንድ ኦቨርግሪፕ ደግሞ 5 ግራም ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ 285 ግራም የተባለው ሚዛንዎ ላይ 300 ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ቢያሳይ አይደናገጡ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ያለ ክር ናቸው።

- ከ255 እስከ 270፦ ለጀማሪ፣ ለታዳጊ፣ የክንድ ጉልበቱ አነስ ላለ ሰውና ዕድሜው ለገፋ ተጫዋች።
- ከ270 እስከ 285፦ ለአብዛኛው አዋቂ። ከተጠራጠሩ እዚህ ውስጥ ይቆዩ።
- ከ285 እስከ 300፦ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ለሚጫወትና ክንዱን ሙሉ ዘርግቶ ለሚመታ።
- ከ305 በላይ፦ ለመዝናኛ ተጫዋች አይመከርም።

«ቀላል ከሆነ ለክንዴ ይሻላል» የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሰው አስቸግሯል። 240 ግራምና ከዚያ በታች የሆነ ራኬት ሱቅ ውስጥ ሲያወዛውዙት ደስ ይላል፤ ሜዳ ላይ ፈጣን ኳስ ሲገጥመው ግን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ንዝረቱንም ክንድዎ ይቀበለዋል። የገፊውን ኳስ ጉልበት ማቆም ያለበት የራኬቱ ክብደት ነው፤ ክብደቱ ከሌለ ጅማትዎ ይሠራዋል።

የተቃራኒው ስህተትም አለ። የሮጀር ፌደረር ስም ያለበት ዊልሰን ፕሮ ስታፍ አር ኤፍ 97 ያለ ክር 340 ግራም ይመዝናል፣ ፊቱም 97 ስኩዌር ኢንች ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ለሚጫወት ሰው ከአንድ ሰዓት ጨዋታ በኋላ ዕዳ ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ተመሳሳይ ቀለምና ተመሳሳይ ስም ያላቸው ራኬቶች ክብደታቸው ይለያያል። ባቦላት ፒዩር ድራይቭ መደበኛው 300 ግራም፣ «ቲም» የተባለው 285፣ «ላይት» የተባለው 270 ነው። ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ አይለዩም። ከስሙ ቀጥሎ የምትመጣውን ትንሽ ቃል ሳያነቡ ገንዘብ አይክፈሉ።

ከተሳሳቱ፦ የቀለለውን ማክበድ ይቻላል። ለዚሁ የተሠራ የእርሳስ (የከባዱ ብረት) ወይም የተንግስተን ቴፕ ይግዙ፤ በራኬቱ ፊት ግራና ቀኝ፣ በሰዓት አቆጣጠር 3 እና 9 ላይ፣ በእያንዳንዱ ጎን 2 ግራም ለጥፈው ይጫወቱ። ካልበቃ በ1 ግራም ይጨምሩ እንጂ በአንድ ጊዜ 10 ግራም አይለጥፉ። የእርሳስ ቴፕ ከነኩ በኋላ እጅዎን ይታጠቡ። የከበደው ግን መድኃኒት የለውም፤ ይሽጡት ወይም ይለውጡት።

ደረጃ 3፦ ክብደቱ እኩል የሚሆንበትን ነጥብ ይፈልጉ

1. እርሳሱን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ፤ እንዳይንከባለል በቴፕ ያያይዙት።
2. ራኬቱን በእርሳሱ ላይ አጋድመው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያንቀሳቀሱ ሳይጋደል የሚቆምበትን ነጥብ ያግኙ።
3. ከእጀታው ጫፍ እስከዚያ ነጥብ ይለኩ።

68.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ መደበኛ ራኬት መሐሉ 34.25 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ክር ያለው ራኬት 33 አካባቢ ላይ ከቆመ ወደ እጀታው ያመዘነ ነው፤ 34 ላይ እኩል ነው፤ 35ን ካለፈ ወደ ራሱ (ወደ ፊቱ ጫፍ) ይከብዳል። ክር የሌለውን ከለኩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምሩበት።

ከ285 ግራም በላይ ለሆነ ራኬት ወደ እጀታው ያመዘነውን ይምረጡ። ከ270 በታች ለሆነው እኩል ወይም ትንሽ ወደ ራሱ የከበደ ይሁን፤ ያለዚያ ኳሱን የሚገፋበት ነገር አይኖረውም።

ደረጃ 4፦ የፊቱ ስፋት፣ እና የሚጫወቱበት ከተማ ከፍታ

የፊት ስፋት በስኩዌር ኢንች ይለካል። 100 ማለት 645 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ነው። ስፋት ሲጨምር ከመሐል የሳተ ኳስም ይሻገራል፣ ጉልበትም ይጨምራል፤ በዚያው ልክ ኳሱን መቆጣጠር ይከብዳል።

በባሕር ጠረፍ ከተማ፣ ዱባይም ሆነ ቴል አቪቭ፣ ለሚጫወት ጀማሪ ከ104 እስከ 110 ያለው ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ይህ ምክር እንዳለ አይሠራም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ከጠረፉ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ኳሱን በአየር ላይ የሚያዘገየው ነገር ይቀንሳል፤ የኳሱ የውስጥ ግፊትም ከውጭው አየር አንጻር ስለሚበልጥ ይበልጥ ይነጥራል። ዱባይ ያለ ወንድም ለራሱ ተስማምቶት የላከው 110 ስኩዌር ኢንች ራኬት አዲስ አበባ ላይ ኳስ ከአጥር ውጭ የሚያስለቅመው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ በአዲስ አበባና በመሰሉ ደጋ ከተሞች፦

- ጀማሪ ከ100 እስከ 104፣ የለመደ ከ98 እስከ 100 ይምረጥ።
- የክሩ አደራደር 16 በ19 (16 ቁም፣ 19 አግድም ክር) ሊሆን ይችላል። ክንድዎን ሙሉ ዘርግተው እየመቱ ኳስ የሚረዝምብዎ ከሆነ ጠበብ ያለውን 18 በ20 ይሞክሩ።
- ከ68.5 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ራኬት አይግዙ። ደንቡ እስከ 73.7 ይፈቅዳል፤ ርዝመት ግን ጉልበት ይጨምራል፣ እዚህ የጎደለው ደግሞ ጉልበት አይደለም።

ራኬቱን ከመውቀስዎ በፊት የኳሱን ቆርቆሮ ያንብቡ። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆኑ ቦታዎች ዝቅ ብሎ የሚነጥር ኳስ በደንቡ ለይቶ አስቀምጧል፤ በእንግሊዝኛ «ሃይ አልቲቲውድ» ተብሎ ይጻፍበታል። ተራውን ኳስ ቆርቆሮው እንደተከፈተ አዲስ አበባ ላይ ከተጫወቱበት የትኛውም ራኬት ልክ አይመጣም። የከፍታውን ኳስ ካላገኙ ውስጡ አየር ያልታመቀበትን፣ «ፕሬሸርለስ» የሚባለውን፣ ይፈልጉ። ጠንከር ይላል፤ ክርኑን የሚያመው ሰው ግን ይጠንቀቅ።

ደረጃ 5፦ የፍሬሙ ድርቀትና ሥራ

ድርቀት «አር ኤ» በሚባል ቁጥር ይገለጻል፤ ራኬቱ ላይ ብዙ ጊዜ አይጻፍም፣ በሻጮች ዝርዝር ውስጥ ግን ይገኛል። እስከ 63 ያለው ለስላሳ፣ ከ64 እስከ 67 መካከለኛ፣ 68ና ከዚያ በላይ ደረቅ ነው። ክርኑን፣ ትከሻውን ወይም አንጓውን አሞት የሚያውቅ ሰው ከ65 አይለፍ።

ርካሽ ራኬት ሲገዙ የአንገቱን ቦታ ይመልከቱ። የፍሬሙ ሁለት ክንዶች የሚገናኙበት ድልድይ ለብቻው የተሠራ ፕላስቲክ ሆኖ በብሎን ወይም በሪቬት ከተያያዘ አሉሚኒየም ነው። በሳምንት አንዴ ለሚሞክር ጀማሪ ለጥቂት ወራት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለመጫወት ካሰቡ ከአንገት እስከ ራስ መገጣጠሚያ የሌለው ወጥ የግራፋይት ፍሬም ይግዙ።

ደረጃ 6፦ ክር

ጥሩ የሚባሉት ራኬቶች ብዙዎቹ ያለ ክር ይሸጣሉ። ከውጭ የመጣልዎ ራኬት ባዶ ፍሬም ሆኖ ቢደርስ አልተጭበረበሩም፤ ሲያዝዙ ግን «ክር አስወጥረህ አምጣ» ማለት ወይም የክር ጥቅል አብሮ ማስመጣት ነበረብዎ።

*ዓይነቱ።* ለመዝናኛ ተጫዋች ናይለን ወይም ማልቲፊላመንት (ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ለስላሳ ክር) ይበቃል፤ ውፍረቱ 1.30 ሚሊ ሜትር ይሁን። ፖሊስተር አይግዙ። እሱ የተሠራው በኃይል ስለሚመቱ ክር ለሚበጥሱ ተጫዋቾች ነው፤ ደረቅ ነው፣ ውጥረቱን ቶሎ ይጥላል፣ ሳይበጠስም ይሞታል። ባለቤቱ ክሩ ስላልተበጠሰ ደህና ነው ብሎ ወራት ይመታበታል፣ ክርኑ ይከፍላል።

*ውጥረቱ።* በራኬቱ አንገት ወይም በፍሬሙ ውስጠኛ ጎን የሚፈቀደው መጠን ተጽፏል፤ ለምሳሌ ከ50 እስከ 60 ፓውንድ፣ ይህም ከ22.7 እስከ 27.2 ኪሎ ነው። ከመሐሉ ይጀምሩ፤ በዚህ ምሳሌ 55 ማለት ነው። ደጋ ላይ 2 ፓውንድ ጨምረው 57 ያድርጉት። ክንድ የሚያም ከሆነ አይጨምሩ፤ ክሩን ከማጥበቅ ይልቅ ኳሱን ይቀይሩ። ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን በላይ ፈጽሞ አያስወጥሩ፤ ፍሬሙ ሊሰበር ይችላል።

*የሚወጥረው ሰው።* ማሽን ካለው ሰው ዘንድ ይሂዱ። በእጅ የተጎተተ ክር አንዱ ጠብቆ ሌላው ይላላል፤ ፍሬሙንም ያጣምማል። ራኬቱን ሲቀበሉ ክሩን በመዳፍዎ መታ መታ ያድርጉት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ጥርት ያለ ድምፅ ሊሰጥ ይገባል።

*የሚቀየርበት ጊዜ።* በሳምንት የሚጫወቱበትን ቀን ብዛት ያህል በዓመት ይቀይሩ። በሳምንት ሁለቴ ከሆነ በዓመት ሁለቴ ማለት ነው። በሳምንት አንዴ የሚጫወትም በዓመት አንዴ ያስቀይር።

ክር ከተበጠሰ፦ እዚያው ሜዳ ላይ ሌላውንም ክር ይቁረጡት። አንዱ ጎን ተበጥሶ ሌላው እንደተወጠረ ከቆየ ፍሬሙን ወደ አንድ በኩል ይጎትተዋል። መቀስ ይዘው ከመሐል ይጀምሩ፤ አንድ ቁም፣ አንድ አግድም እያፈራረቁ ወደ ዳር ይውጡ። ከአንድ ጎን ብቻ ጀምረው አይቁረጡ።

ደረጃ 7፦ ያገለገለ ራኬት ሲገዙ

ያገለገለ ጥሩ ግራፋይት ከአዲስ አሉሚኒየም ይሻላል፤ የሚከተለውን ካለፈ።

1. መብራት ወዳለበት ይውሰዱት። አንገቱንና የራሱን ጫፍ ይፈልጉ፤ ስንጥቅ የሚበዛው እዚያ ነው።
2. መስመር ካዩ ጥፍርዎን በላዩ ያሳልፉ፤ ከዚያ በሁለት አውራ ጣት ግራና ቀኙን ይጫኑ። ከተከፈተ ወይም ከተንጫጫ ፍሬሙ ተሰንጥቋል፤ አይግዙ። ቀለም ብቻ ከተላጠ ጉዳት የለውም።
3. ጠፍጣፋ ወለል ላይ ያጋድሙት። ከተንቀዋለለ ወይም የፊቱ እንቁላል ቅርጽ አንዱ ጎን ካበጠ ተጣሟል።
4. ክሩ የሚያልፍባቸውን የፕላስቲክ ቀዳዳዎች ይመልከቱ። የተሰባበረ ፕላስቲክ አዲስ ክር ይበጥሳል፤ ለዚያ ሞዴል መተኪያ ካልተገኘ ራኬቱ ዕድሜ የለውም።
5. ይመዝኑት። ከተጻፈው ጋር የጥቂት ግራም ልዩነት የተለመደ ነው። ክሩንና ኦቨርግሪፑን ቀንሰው 20 ግራም ከተለያየ ግን የተለጠፈ ቴፕ ይፈልጉ፤ ቴፕ ከሌለ ራኬቱ አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 8፦ ሜዳ ላይ ይፈትኑት

አሥር ደቂቃ አይበቃም። ከጓደኛም ሆነ ከክለብ ተውሰው ለአንድ ሙሉ ሰዓት ይጫወቱበት፤ ሰርቪስና መረብ አጠገብ የሚመታውንም ይጨምሩ። ልብ የሚሉት የመጨረሻዎቹን 15 ደቂቃዎች ነው። ኳሱን እየዘገዩ ከኋላዎ መምታት ከጀመሩ ራኬቱ ከብዷል ወይም ወደ ራሱ አመዝኗል። ሲጨርሱ መዳፍዎን ይክፈቱ፤ ጣቶችዎ ለመዘርጋት ከተቸገሩ እጀታው ቀጥኗል።

ከዚያም በኋላ ካልተስማማዎ አንድ ነገር ብቻ እየለወጡ ይሞክሩ፦

- ኳስ ሁሉ ከረዘመ፦ መጀመሪያ ኳሱን፣ ከዚያ ውጥረቱን በ2 ፓውንድ፣ በመጨረሻ ራኬቱን።
- ኳስ መረብ ውስጥ ከቀረ፦ ውጥረቱን በ2 ፓውንድ ያላሉ።
- ራኬቱ እጅ ውስጥ ከዞረ፦ መጀመሪያ ግሪፑ በላብ አርጅቶ እንደሆነ ይቀይሩት፤ ከዚያ መጠኑን ይዩ።
- የክርን ውጫዊ ጎን ካመመ፦ መጫወት ያቁሙ። ክሩን ወደ ማልቲፊላመንት ይቀይሩ፣ ውጥረቱን በ3 ፓውንድ ያላሉ፣ የእጀታውን መጠን ዳግም ይለኩ። ክር ላይ የምትሰካዋ ትንሽ ጎማ ድምፁን ትቀንሳለች እንጂ ክንድ አታድንም። ሕመሙ ከቀጠለ ሐኪም ይዩ።

ለልጅ ሲገዙ

«ያድግበታል» ተብሎ ትልቅ አይገዛም። የረዘመ ራኬት የያዘ ልጅ እጀታውን ከመሐል ይይዛል፤ ያንን አያያዝ በኋላ ማስተው ከራኬቱ ዋጋ በላይ ያስከፍላል። ቁመቱን ይለኩ፦

- እስከ 1.12 ሜትር ገደማ፦ 21 ኢንች
- እስከ 1.25 ሜትር፦ 23 ኢንች
- እስከ 1.40 ሜትር፦ 25 ኢንች
- እስከ 1.50 ሜትር፦ 26 ኢንች፤ ከዚያ በላይ መደበኛው 27

ከዚያ ልጁ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ራኬቱን ከእጀታው ጫፍ ይዞ ክንዱን በጎኑ ወደ ታች ይልቀቀው። የራኬቱ ጫፍ መሬቱን ለመንካት ጥቂት ሲቀረው ልኩ ነው። መሬት ነክቶ ክርኑን ካሳጠፈው በአንድ ቁጥር ይውረዱ።